የዋሻዎች ምስክርነት፦ ከጠብታ ድንጋይና ከዋሻ በረዶ ያለፈውን የአየር ንብረት የማወቅ ጥናት ዳሰሳ

በአብዛኛው የዓለም ክፍል የዝናብ መጠንና የሙቀት ልክ በመሣሪያ መመዝገብ ከጀመረ መቶ ሃምሳ ዓመት እምብዛም አይሞላም። በመሆኑም የአየር ንብረት በሺህዎችና በመቶ ሺህዎች ዓመታት ውስጥ እንዴት እንደተለዋወጠ ለማወቅ የሚሻ ሁሉ ተፈጥሮ ራሷ ወዳኖረቻቸው መዛግብት መሄድ ግድ ይለዋል። የዛፍ ግንድ ዓመታዊ ቀለበት፣ የሐይቅ ደለል፣ የባሕር ወለል ጭቃና የዋልታዎች ግግር በረዶ ከእነዚህ መዛግብት ዋና ዋናዎቹ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ዘግይተው የተመራማሪዎችን ትኩረት የሳቡት ዋሻዎች ናቸው። ዋሻ ሁለት ዓይነት መዝገብ ይይዛል፤ አንደኛው ከጣሪያ በሚንጠባጠብ ውሃ የሚገነባው የጠብታ ድንጋይ ነው፣ ሁለተኛው በቀዝቃዛ ተራራማ አገሮች ዋሻዎች ውስጥ ከዓመት ዓመት ሳይቀልጥ የሚቆየው በረዶ ነው።

እነዚህ ሁለት መዛግብት በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኙ እንጂ ጥንካሬያቸውም ድክመታቸውም የተለያየ ነው። የጠብታ ድንጋይ ስለ ጊዜ የሚሰጠው ቃል እጅግ ጠንካራ፣ ስለ ዝናብ የሚሰጠው ቃል በጥንቃቄ ከተነበበ የሚታመን፣ ስለ ሙቀት ልክ የሚሰጠው ቃል ግን ብቻውን የማይቆም ነው። የዋሻ በረዶ በአንጻሩ የቅዝቃዜውን ወራት ሙቀት ሌሎች መዛግብት በማይደርሱበት ቅርበት ይመዘግባል፣ ዕድሜውን በትክክል መለካት ግን አስቸጋሪ ነው። የዘርፉ ውጤቶችም ክርክሮችም በአብዛኛው የሚመነጩት ከዚህ ልዩነት ስለሆነ፣ ይህ ዳሰሳ ጉዳዩን በዚሁ መስመር ይመለከታል።

የጠብታ ድንጋይ አፈጣጠር

የጠብታ ድንጋይ የሚፈጠረው በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ባለባቸው ቦታዎች ነው። የዝናብ ውሃ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ከዕፅዋት ሥርና ከአፈር ተሕዋስያን የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀላቅላል፤ ይህ ጋዝ በአፈር ውስጥ ያለው ክምችት ከውጭው አየር በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ውሃው ደካማ አሲድ ይሆንና የኖራውን ድንጋይ እያሟሟ በስንጥቆች ወደ ታች ይወርዳል። የዋሻው አየር የያዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአፈሩ ያነሰ በመሆኑ ጠብታው ዋሻው ውስጥ ሲደርስ ጋዙን ይለቅቃል፣ በውስጡ ሟምቶ የነበረው ካልሲየም ካርቦኔትም ካልሳይት በሚባል ማዕድን መልክ ይረጋል። ከጣሪያ ወደ ታች የሚንጠለጠለው ስታላክታይት፣ ጠብታው ከሚያርፍበት ወለል ወደ ላይ የሚያድገው ስታላግማይት፣ በግድግዳና በወለል ላይ የሚነጠፈው ደግሞ የፍሰት ድንጋይ ይባላል።

ተመራማሪዎች ከሦስቱ ስታላግማይትን የሚመርጡት ንብርብሮቹ አንዱ በሌላው ላይ በቅደም ተከተል የሚጋደሙ በመሆናቸው፣ ከሥር ወደ ጫፍ የሚደረግ ንባብ ከጥንት ወደ ቅርብ ጊዜ የሚሄድ ስለሆነ ነው። ዕድገቱ አዝጋሚ ነው፤ ብዙ ጊዜ በዓመት ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እስከ ጥቂት አሥረኛ ብቻ ስለሚጨምር፣ አንድ ሜትር የሚሆን ድንጋይ የብዙ ሺህ ዓመታት ታሪክ ሊይዝ ይችላል። የዝናቡ ወቅት ከደረቁ ወቅት በጉልህ በሚለይባቸው አካባቢዎች አንዳንድ ስታላግማይቶች በማይክሮስኮፕ የሚቆጠሩ ዓመታዊ ንብርብሮች ይኖሯቸዋል። በተጨማሪም ከመግቢያው የራቀ የዋሻ ክፍል ሙቀት ዓመቱን ሙሉ እምብዛም የማይለዋወጥና ከውጭው አየር አማካይ ዓመታዊ ሙቀት ጋር የሚቀራረብ መሆኑ፣ ድንጋዩ የሚረጋበትን ሁኔታ የተረጋጋ ያደርገዋል።

የድንጋዩ ሰዓት

የጠብታ ድንጋይን ከሌሎች መዛግብት በላይ ያስከበረው የዕድሜ መለኪያው ነው። ዩራኒየም በውሃ ይሟማል፣ የቶሪየም የመሟማት ልክ ግን አይሟማም ለማለት በሚያስችል መጠን ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህ አዲስ የረጋ ካልሳይት ከጠብታው ጋር የመጣ ጥቂት ዩራኒየም ሲይዝ ቶሪየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ዩራኒየም-234 በራሱ ጊዜ እየፈረሰ ቶሪየም-230 ይሆናል። የመጀመሪያው ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ከነበረው መጠን ግማሹ የሚፈርስበት ጊዜ፣ 245,000 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ የሁለተኛው 75,600 ዓመት ገደማ ነው። በንብርብሩ ውስጥ ያለው የሁለቱ መጠን ተለክቶ ሲነጻጸር ንብርብሩ የረጋበት ጊዜ ይታወቃል። ዘዴው እስከ 600,000 ዓመት ገደማ ድረስ ይሠራል፤ ከዚያ ለሚያረጁ ድንጋዮች የዩራኒየም ወደ እርሳስ መፍረስ ይለካል።

ይህ ዘዴ በመጀመሪያ ብዙ ግራም የሚመዝን ናሙና ይጠይቅ ነበር። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ጀምሮ የአቶሞችን ክብደት በመለየት የሚቆጥሩ መሣሪያዎች ሥራ ላይ ሲውሉ ግን ከአንድ ግራም እጅግ ያነሰ ዱቄት በቂ ሆነ፣ የስሕተቱም ወሰን በጣም ጠበበ። የሰዓቱ ትክክለኛነት የደረሰበትን ደረጃ የሚያሳየው፣ በቻይና ናንጂንግ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የሁሉ ዋሻ ስታላግማይት በ2018 እ.ኤ.አ. የሬዲዮካርቦን ዕድሜን እስከ 54,000 ዓመት ድረስ ለማረም ማገልገሉ ነው። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች የከሰልና የአጥንት ዕድሜ የሚያሰሉበት መለኪያ ከፊሉ በዋሻ ድንጋይ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ይህም ሆኖ ሰዓቱ ከጥያቄ ነፃ አይደለም። ጠብታው ሸክላ ወይም አቧራ ይዞ ከመጣ፣ ከአቧራው ጋር የገባ ቶሪየም ድንጋዩን ከእውነተኛ ዕድሜው በላይ ያረጀ ያስመስለዋል። የዚህ ዓይነቱ ችግር ትልቁ ምሳሌ በአሜሪካ ኔቫዳ የሚገኘው የዴቪልስ ሆል ዋሻ ነው። አይዛክ ዊኖግራድና ባልደረቦቹ በ1988 እና በ1992 እ.ኤ.አ. ከዋሻው በውሃ ውስጥ ከረጋ ካልሳይት ያወጡት መዝገብ፣ ከመጨረሻው በፊት የነበረው የበረዶ ዘመን የማብቃት ሂደት የተጀመረው የምድር ምሕዋር ስሌት ከሚያመለክተው ከአሥር ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ መሆኑን የሚያሳይ በመሰለ ጊዜ፣ የበረዶ ዘመናት በምሕዋር ለውጥ ይመራሉ የሚለው ንድፈ ሐሳብ ተፈተነ። ክርክሩ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ጂና ሞዝሊና ባልደረቦቿ በ2016 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ከውሃው ጥልቀት የተወሰዱት ናሙናዎች ከሚገባው በላይ ቶሪየም ይዘው ስለነበር ያረጁ መስለው ታይተዋል፤ ከላይ በኩል የተወሰዱት ናሙናዎች ዕድሜ ግን ከምሕዋሩ ስሌት ጋር ተስማማ። ጉዳዩ የተፈታው ሰዓቱን በመጣል ሳይሆን በዚያው ሰዓት ተጨማሪ ናሙናዎችን በመለካት መሆኑ ለዘዴው ጥንካሬ ምስክር ነው።

የኦክሲጅን ምልክትና ትርጓሜው

ዕድሜው የታወቀ ንብርብር ምን ዓይነት የአየር ንብረት ውስጥ እንደረጋ የሚጠየቀው በዋናነት በኦክሲጅን አይሶቶፖች ነው። አይሶቶፕ የሚባሉት በኬሚካዊ ጠባያቸው አንድ ዓይነት ሆነው በክብደት የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች ናቸው። አብዛኛው ኦክሲጅን ቀላሉ ኦክሲጅን-16 ሲሆን፣ ከባዱ ኦክሲጅን-18 ከጠቅላላው 0.2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ውሃ ሲተን ቀላሉ ይቀድማል፣ እንፋሎት ወደ ዝናብ ሲለወጥ ደግሞ ከባዱ ቀድሞ ይወርዳል፤ በዚህም ምክንያት የዝናቡ የሁለቱ ምጣኔ ደመናው ከየት እንደመጣ፣ በመንገዱ ምን ያህል እንደዘነበና አየሩ ምን ያህል ቀዝቃዛ እንደነበረ ይነግራል። ምጣኔው በጠብታው አማካይነት ወደ ካልሳይቱ ይተላለፋል።

ችግሩ አንድ ቁጥር ብዙ ምክንያት ሊኖረው መቻሉ ነው። በሐሩር አካባቢዎች ብዙ ዝናብ ሲዘንብ የከባዱ ኦክሲጅን ድርሻ ይቀንሳል፤ ይህን ግንኙነት የዴንማርኩ ሳይንቲስት ቪሊ ዳንስጎር በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ገልጾታል። በቀዝቃዛ አገሮች ግን ምጣኔውን በዋናነት የሚወስነው ሙቀት ነው። በዋሻው ውስጥ ደግሞ ካልሳይቱ በሚረጋበት ጊዜ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ሲጨምር ከባዱ ኦክሲጅን ከሺህ በ0.2 እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ይህ ትንሽ ለውጥ በዝናቡ ለውጥ በቀላሉ ስለሚዋጥ፣ የጠብታ ድንጋይን ኦክሲጅን እንደ ቴርሞሜትር ማንበብ ብዙ ጊዜ የማይቻል ሆኗል። የጠብታ ድንጋይ አይሶቶፖች ጥናት ከመሠረቱት አንዱ የሆነው የኒውዚላንዱ ክሪስ ሄንዲ በ1971 እ.ኤ.አ. ሌላ ማስጠንቀቂያ ጨምሯል፤ ጠብታው ጋዙን በፍጥነት ከለቀቀ ወይም በዋሻው ውስጥ ከተነነ፣ ምጣኔው የውጭውን ዝናብ ሳይሆን የዋሻውን የውስጥ ሁኔታ ያንጸባርቃል።

ለዚህ ችግር የተገኙት መፍትሔዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ማባዛት ነው፤ በአንድ ዋሻ ውስጥ በተለያየ ቦታ ያደጉ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ስታላግማይቶች አንድ ዓይነት ለውጥ ካሳዩ፣ ለውጡ ከውጭ እንደመጣ ለመቀበል ይቻላል። ሁለተኛው ምስክሮችን ማብዛት ነው፤ በድርቅ ጊዜ ውሃው ዋሻው ውስጥ ሳይደርስ በስንጥቆች ውስጥ ካልሳይት ስለሚጥል የማግኒዥየም ድርሻው ከካልሲየም አንጻር ይጨምራል፤ የካርቦን አይሶቶፖች ደግሞ ከላይ ያለውን አፈርና ዕፅዋት ሁኔታ ያመለክታሉ፤ በክሪስታሉ ውስጥ ታስረው የቀሩ ጥቃቅን የጥንት ውሃ ጠብታዎችና በውስጣቸው የሟሙ ጋዞችም ሙቀቱን ለብቻው ለመገመት አስችለዋል። ሦስተኛው ክትትል ነው፤ በዛሬው ዋሻ ውስጥ የጠብታውን ፍጥነት፣ የውሃውን ኬሚካዊ ይዘትና የአየሩን ሁኔታ ለዓመታት በመለካት ምልክቱ ከውጭ ወደ ድንጋዩ በምን መንገድ እንደሚተላለፍ ይታወቃል። ከሦስቱ ብዙ ትዕግሥትና ወጪ የሚጠይቀው፣ በዚያው ልክም ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ክትትሉ ነው።

የእስያና የዓረብ ምድር መዛግብት

የዘርፉ ትልቁ ስኬት በእስያ የተገኘው ነው። ዋንግ ዮንግጂንና ባልደረቦቹ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሁሉ ዋሻ አምስት ስታላግማይቶች ያወጡት ከ75,000 እስከ 11,000 ዓመት በፊት ያለውን ጊዜ የሚሸፍን መዝገብ፣ ከግሪንላንድ ግግር በረዶ መዝገብ ጋር በአስደናቂ ሁኔታ ተመሳሰለ፤ በሰሜን አትላንቲክ የደረሰ ድንገተኛ ቅዝቃዜና ሙቀት በሺህዎች ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኘውን የእስያ ሞንሱን፣ ማለትም በወቅት አቅጣጫውን የሚቀይረውን ዝናብ አምጪ ነፋስ ያናውጥ እንደነበረ ታወቀ። ሃይ ቼንግና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ከሳንባኦና ከሌሎች ዋሻዎች የተገኙትን መዛግብት በማያያዝ ታሪኩን ወደ 640,000 ዓመት አደረሱት፤ በዚህ ረጅም መዝገብ ውስጥ ሞንሱኑ ከምድር ዘንግ ውዝዋዜ ጋር በ23,000 ዓመት ገደማ ዑደት እየጠነከረና እየደከመ ሲሄድ በግልጽ ይታያል።

በእነዚህ መዛግብት ዕድሜ ላይ የረባ ክርክር የለም፤ በትርጉማቸው ላይ ግን አለ። አንዳንድ ተመራማሪዎች የኦክሲጅኑ ለውጥ በቻይና ላይ የዘነበውን ዝናብ መጠን ያሳያል ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ ደመናው ቻይና ከመድረሱ በፊት በሕንድ ውቅያኖስና በሕንድ ምድር ላይ ያራገፈውን ዝናብ የሚያሳይ ነው ይላሉ። በአየር ንብረት ሞዴሎች የተደረጉ ሙከራዎች ሁለተኛውን አስተያየት በከፊል ደግፈዋል። ስለዚህ እነዚህ መዛግብት የአንድን አውራጃ የዝናብ ልክ ሳይሆን የሰፊውን ሞንሱን ጥንካሬ የሚናገሩ ናቸው ብሎ መቀበል ለጊዜው የተሻለው ንባብ ነው።

በደቡብ ኦማን የሚገኘው የቁንፍ ዋሻ ለምሥራቅ አፍሪካም ቅርብ የሆነ ታሪክ ይዟል። ዶሚኒክ ፍላይትማንና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ የሕንድ ውቅያኖስ ሞንሱን ከ10,300 እስከ 9,600 ዓመት ገደማ በፊት በፍጥነት ከተጠናከረ በኋላ፣ ከ8,000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ የሞቃቱ ወራት የፀሐይ ብርሃን እየቀነሰ ሲሄድ ቀስ በቀስ ደከመ። በሰሜን ኦማን የሚገኘው የሆቲ ዋሻ ደግሞ ዛሬ በረሃ የሆነው ምድር በተደጋጋሚ እርጥብ እንደነበረ መስክሯል፤ ውሃ ከሌለ ጠብታ ስለሌለ፣ ድንጋዩ በዚያ ቦታ ማደጉ ብቻውን የዝናብ ማስረጃ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት ከማዕከላዊ ሳዑዲ ዓረቢያ ዋሻዎች በተገኙ ድንጋዮች ይህን ማስረጃ ወደ ስምንት ሚሊዮን ዓመት ወስዶታል፤ ጥንታዊ ሰዎችና እንስሳት ከአፍሪካ ወደ እስያ የተሻገሩባቸውን እርጥብ ዘመናት ለሚያጠኑ ሰዎች የዚህ ውጤት ጥቅም ከፍተኛ ነው።

ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ያለው ታሪክ በተቃራኒው ይሄዳል። በደቡብ ብራዚል ከሚገኘው የቦቱቬራ ዋሻ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው የ116,000 ዓመት መዝገብ፣ የሰሜኑ ሞንሱን ሲደክም የደቡብ አሜሪካው እንደሚጠነክር አሳይቷል። ይህ የምድር የዝናብ ቀበቶ ከምሕዋር ለውጥ ጋር ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እንደሚመላለስ ከሚያሳዩ ግልጽ ማስረጃዎች አንዱ ነው።

የጠብታ ድንጋይ ክብር ይበልጥ የታወቀው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ዓለም አቀፉ የጂኦሎጂ ሳይንሶች ኅብረት ሆሎሲን የሚባለውን፣ ካለፈው የበረዶ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ያለውን 11,700 ዓመት በሦስት ንዑስ ዘመናት ሲከፍል፣ የመጨረሻው ማለትም የአሁኑ ንዑስ ዘመን መነሻ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ሜጋላያ ግዛት ከማውምሉህ ዋሻ በተገኘ ስታላግማይት ላይ እንዲወሰን አጸደቀ። መነሻው ከ4,200 ዓመት ገደማ በፊት የደረሰ ድርቅ ነው። ይሁን እንጂ ድርቁ ዓለም አቀፍ ነበር ወይስ የአንዳንድ አካባቢዎች ብቻ፣ ድንገተኛ ነበር ወይስ አዝጋሚ በሚሉት ነጥቦች ላይ ክርክሩ አልተቋጨም፤ የአንድ ዋሻ ድንጋይ የዓለምን የጊዜ ወሰን መሸከም ይችል እንደሆነ የሚጠይቁ ጽሑፎችም መውጣታቸውን ቀጥለዋል።

የኢትዮጵያ ዋሻዎች

በኢትዮጵያ የዚህ ጥናት ማዕከል ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ የሚገኘው የመቻራ አካባቢ ነው። አስፋወሰን አስራት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዲ ቤከርና ሌሎች የውጭ አገር ባልደረቦች ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተሟቸው ጥናቶች የአካባቢው ስታላግማይቶች ዓመታዊ ንብርብር እንዳላቸው፣ የኦክሲጅን ምልክታቸውና የዕድገት ፍጥነታቸውም ከዝናብ ጋር እንዴት እንደሚዛመድ መርምረዋል። ከአቸሬ ዋሻ የተገኘ የሆሎሲን ዘመን ስታላግማይት ዝናቡ በአሥርት ዓመታት ልክ ከፍና ዝቅ ይል እንደነበረ አሳይቷል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከአሁኑ በፊት የነበረውን ሞቃት ዘመን በዓመታዊ ንብርብሮች መርምሯል። ቡድኑ ከድንጋዩ ትንተና ጎን ለጎን የዋሻዎቹን ሙቀት፣ እርጥበትና ጠብታ በመከታተል ውጤቱን ማሳተሙ፣ ከላይ የተጠቀሰውን ሦስተኛ መፍትሔ በተግባር ያዋለ በመሆኑ ልዩ ዋጋ አለው።

የኢትዮጵያ ዋሻዎች ጠቀሜታ ከአገሪቱ ዝናብ ባሕርይ የሚመነጭ ነው። በመቻራ አካባቢ የበልግና የክረምት ዝናብ ሁለቱም ይደርሳል፤ የሁለቱ የእርጥበት ምንጭና መንገድ አንድ ባለመሆኑ፣ የኦክሲጅኑ ለውጥ የጠቅላላውን ዝናብ መብዛት ወይም ማነስ ብቻ ሳይሆን ከሁለቱ ወቅቶች የየትኛው ድርሻ እንደገነነም ሊያመለክት ይችላል። ይህ ለአተረጓጎም ፈተና ቢሆንም ለጥያቄው ስፋት ግን ሀብት ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ከጨው ባሕር በ2014 እ.ኤ.አ. ተቆፍሮ የወጣው የሐይቅ ደለል ወደ 620,000 ዓመት የሚጠጋ ያልተቋረጠ ታሪክ ይዟል። ደለሉ ረጅም ጊዜ ይሸፍናል፣ የጠብታ ድንጋዩ ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ የዓመታትን ዝርዝር ይሰጣል፤ ሁለቱ ሲመሳከሩ ድርቅ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚቆይ የተሻለ መልስ ይገኛል።

የዋሻ በረዶ

የዋሻ በረዶ ከላይ ካለው አየር ይልቅ በዋሻው ቅርጽ ይጠበቃል። መግቢያቸው ከላይ፣ አካላቸው ከታች በሆነ ዋሻዎች ውስጥ በቀዝቃዛው ወራት ከባዱ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ይወርዳል፤ በሞቃቱ ወራት ግን ቀላሉ ሞቃት አየር ስለማይወርድ ቅዝቃዜው ታፍኖ ይቀራል። ሁለትና ከዚያ በላይ መግቢያ ባላቸው ዋሻዎች ደግሞ አየሩ በቀዝቃዛውና በሞቃቱ ወራት አቅጣጫውን እየቀየረ የታችኛውን ክፍል በቅዝቃዜው ወቅት ያቀዘቅዘዋል። በዚህ ምክንያት የውጭው አማካይ ሙቀት ከዜሮ በላይ በሆነባቸው ቦታዎች ጭምር በረዶ ለሺህዎች ዓመታት ሊቆይ ይችላል። በኦስትሪያ የሚገኘውና ከ42 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው አይስሪዘንቬልት፣ በ1870 እ.ኤ.አ. የተገኘውና በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሎቫኪያው ዶብሺንስካ እንዲሁም የሩማንያው ስከሪሾዋራ ከታወቁት ናቸው።

ለአየር ንብረት ጥናት ከሁሉ የላቀው ስከሪሾዋራ ነው። ዋሻው ቀደም ሲል የኤሚል ራኮቪጻን ትኩረት የሳበ ነበር፤ እርሱም በ1920 እ.ኤ.አ. በክሉዥ ከተማ በዓለም የመጀመሪያውን የዋሻ ጥናት ተቋም የመሠረተ ሳይንቲስት ነው። ዋሻው የያዘው በረዶ 100,000 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። በየዓመቱ በመኸርና በቅዝቃዜው መጀመሪያ በበረዶው ላይ የሚጠራቀመው ውሃ ከላይ ወደ ታች እየረጋ አዲስ ንብርብር ስለሚጨምር፣ ንብርብሩ የዚያን ወቅት ዝናብ አይሶቶፕ ይይዛል። አውሬል ፐርሾዩና ባልደረቦቹ በ2017 እ.ኤ.አ. ከዚህ በረዶ ያወጡት የ10,500 ዓመት መዝገብ ትልቅ ክፍተት ሞልቷል፤ የዛፍ ቀለበትና የአበባ ብናኝ በዋናነት የሚመሰክሩት ዕፅዋት ስለሚያድጉበት ሞቃት ወቅት ነውና፣ የአውሮፓን የቅዝቃዜ ወራት ታሪክ የሚናገር መዝገብ እጅግ ጥቂት ነበር። የሞቃቱና የቀዝቃዛው ወቅት ታሪክ የግድ አብሮ እንደማይሄድ የታወቀው ከእንዲህ ዓይነት ማስረጃ ነው።

የበረዶው ድክመት ሰዓቱ ነው። የበረዶ ንብርብር እንደ ካልሳይት ተስማሚ የዩራኒየም ሰዓት ስለሌለው ዕድሜው የሚገመተው ውስጡ በተገኘ ቅጠል፣ እንጨትና የሌሊት ወፍ ኩስ ሬዲዮካርቦን ነው፤ እነዚህ ነገሮች ደግሞ በረዶው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ውጭ ለረጅም ጊዜ የቆዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ለቅርቡ ዘመን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከተደረጉት የኑክሌር ሙከራዎች የቀረው ትሪቲየም ጥሩ ምልክት ነው። ከዚህ በላይ የከፋው መቅለጥ ነው፤ አንድ ሞቃት ዘመን የብዙ መቶ ዓመታትን ንብርብር ከላይ ሊያጠፋ ይችላል። በስፔን ፒሬኔ ተራሮች የሚገኘው ኤ-294 የተባለ ዋሻ በረዶ ከ6,100 እስከ 1,900 ዓመት ገደማ በፊት የተጠራቀመ ቢሆንም መካከሉ ላይ የተቋረጡ ጊዜያት አሉት። ይሁንና ክፍተቱ ራሱ መረጃ ነው፤ በረዶው መጨመር ያቆመበት ጊዜ የበረዶ መጣል የቀነሰበት ወይም ሙቀት ያየለበት ጊዜ መሆኑን ይጠቁማል።

ድንጋይና በረዶ የሚገናኙበት ቦታ

ውሃ በዋሻ ውስጥ በረዶ ሆኖ ሲረጋ በውስጡ የሟሙት ማዕድናት ከበረዶው ይገፋሉ፣ በመጨረሻም ከበረዶ የሚወለዱ የካልሳይት ቅንጣቶች ይሆናሉ። ቅንጣቶቹ በረዶው ቀልጦ ከጠፋ በኋላም በዋሻው ወለል ላይ ይቀራሉ፣ በዩራኒየምና ቶሪየም ዘዴም ይለካሉ። ትላልቆቹ ቅንጣቶች የሚፈጠሩት ውሃው ወደ ዜሮ ዲግሪ በቀረበ ሙቀት ቀስ ብሎ ሲረጋ ስለሆነ፣ ዛሬ በረዶ በሌለባቸው የመካከለኛው አውሮፓ ዋሻዎች ውስጥ መገኘታቸው የቀድሞው የማይቀልጥ የከርሰ ምድር በረዶ መቼ እንደሳሳ ያመለክታል። በዚህ መንገድ የድንጋዩ ሰዓትና የበረዶው ሙቀት በአንድ ቅንጣት ላይ ይገናኛሉ።

የሳይቤሪያ ዋሻዎች ተመሳሳይ ጥያቄ በሌላ መንገድ መልሰዋል። የከርሰ ምድር በረዶ ባለበት ቦታ ውሃ ወደ ዋሻ ስለማይንጠባጠብ የጠብታ ድንጋይ የሚያድገው በረዶው በቀለጠበት ዘመን ብቻ ነው። አንቶን ቫክስና ባልደረቦቹ በ2013 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ በሰሜን ኬክሮስ 60 ዲግሪ አካባቢ በሚገኘው የሌድያናያ ሌንስካያ ዋሻ ላለፉት 450,000 ዓመታት ድንጋይ ያደገው ከ400,000 ዓመት ገደማ በፊት በነበረው ልዩ ሞቃት ዘመን ነው፤ ያን ጊዜ የዓለም ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ ያህል ይበልጥ እንደነበረ ይገመታል። ውጤቱ ትኩረት የሳበው የከርሰ ምድር በረዶ ሲቀልጥ በውስጡ የታሰረው ካርቦን ወደ አየር ስለሚወጣ፣ የዛሬው ሙቀትም ወደዚያው ደረጃ እየቀረበ ስለሆነ ነው።

የታሪክ ንባብና ጥንቃቄው

ዕድሜያቸው በትክክል የታወቁ መዛግብት የታሪክ ጸሐፊዎችን መሳባቸው የሚጠበቅ ነው። ከቤሊዝ ዮክ ባሉም ዋሻ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ከ440 እስከ 660 እ.ኤ.አ. የነበረው ጥሩ ዝናብ የማያ ከተሞች ከተስፋፉበት ጊዜ ጋር፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ድርቀት ደግሞ ጦርነት ከበዛበትና መንግሥታቱ ከፈረሱበት ጊዜ ጋር መገጣጠሙን አሳይቷል። በሌሎች አገሮችም ድርቅን ከመንግሥታት መውደቅ ጋር ያያያዙ ጥናቶች ወጥተዋል። ነገር ግን የጊዜ መገጣጠም የምክንያት ማረጋገጫ አይደለም፤ ድርቅ አንዱን ማኅበረሰብ ሲያፈርስ ሌላውን የውሃ ማጠራቀሚያ እንዲገነባ አድርጎታልና፣ ዋሻው የሚመሰክረው ዝናቡ መቼ እንደቀነሰ እንጂ ሰዎች ምን እንዳደረጉ አይደለም። የኋለኛውን መመለስ የአርኪዮሎጂና የጽሑፍ ማስረጃ ሥራ ነው።

ማጠቃለያ

ዘርፉ ከነጠላ ዋሻዎች ዘገባ ወደ አንድነት እየተሻገረ ነው። ሲሳል የተባለው ዓለም አቀፍ የመረጃ ክምችት በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው እትሙ ከ294 ዋሻዎች 691 መዛግብትን በአንድ ቅርጽ ሰብስቧል፤ ይህም የአየር ንብረት ሞዴሎች ውጤት ከጥንቱ ማስረጃ ጋር እንዲመዘን አስችሏል። ሆኖም መዛግብቱ በእኩል አልተሰራጩም፤ ቻይናና አውሮፓ በብዛት ሲወከሉ አፍሪካ እጅግ በጥቂቱ ተወክላለች። ናሙና ሲወሰድ ዋሻው እንደሚጎዳም መዘንጋት የለበትም፤ አንድ ስታላግማይት በሰው ዕድሜ ተመልሶ አይተካምና፣ ቀድመው የተሰበሩትን መጠቀም ወይም ሙሉውን ከመቁረጥ ቀጭን ዘንግ ቆፍሮ ማውጣት የተሻለ አሠራር ሆኖ ተቀባይነት አግኝቷል።

ከጠቅላላው ዳሰሳ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። የጠብታ ድንጋይ የጊዜ መሠረት ይሁን፤ ዝናብን የሚመለከት ቃሉ ከሌላ ስታላግማይትና ከዋሻ ክትትል ጋር ተመሳክሮ ይወሰድ፤ ሙቀትን የሚመለከተው ግን ከሌሎች ዘዴዎች ጋር ካልሆነ አይጻፍበት። የዋሻ በረዶ የድንጋዩን ጉድለት የሚሞላ ብርቅ መዝገብ ቢሆንም በብዙ ዋሻዎች ውስጥ እየሟሸሸ ነው፤ ድንጋዩ ሊጠብቅ ሲችል በረዶው አይጠብቅም። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ሊታሰብበት ይገባል፦ በቀዝቃዛ አገሮች የቀሩት በረዶዎች ከመጥፋታቸው በፊት ተቆፍረው ናሙናቸው ይቀመጥ፤ በኢትዮጵያና በአካባቢው ደግሞ በመቻራ የተጀመረው ዓይነት የዋሻ ክትትል ወደ ሌሎች የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች ይስፋፋ፣ ለተከታታይ ዓመታትም ሳይቋረጥ ይካሄድ። ያለዚህ ክትትል ከአገሪቱ ዋሻዎች የሚወጣ ድንጋይ ዕድሜው ቢታወቅም ስለ በልግና ስለ ክረምት የሚናገረውን ለይቶ ማንበብ አይቻልም።